የዕንባቆም ግራ ጎን

ሸዋሉል ኮቢናን የተዋወቀችው ልትጣላው ሄዳ ነው። ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ቴንስታ ውስጥ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ደረጃ ስድስት ዓመት ሲወጡ ሲወርዱ ኖረዋል፤ እሷ አራተኛ ፎቅ፣ እሱ አንደኛ። ሰላምታቸው ግን አንገት ከመስበር አልፎ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ትቬትስቱጋ ወደሚባለው የሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ወርዳ፣ ለእሑድ ቅዳሴ ያጠበችውን ነጠላ ማድረቂያ ክፍሉ ውስጥ አስጥታ ሄደች። ስትመለስ ጥለቱ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ሰማያዊ ቀለም ተለጥፎበት አገኘችው። ከጎኑ ደግሞ፣ ክፍሉ የልብስ ማድረቂያ መሆኑን ማን ይንገረው፣ ገና ያልደረቀ ሥዕል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ቀለም የሚነካካው ማን እንደሆነ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ሸዋሉል ነጠላዋን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ፣ የምትለውን በልቧ እየደረደረች ልትወጣ ስትል ዓይኗ ሥዕሉ ላይ አረፈ። የሴት ጀርባ ነው። ፊት የለውም። ማጅራት፣ የተጠቀለለ ፀጉር፣ በአንድ ጆሮ ላይ የተንጠለጠለች ቀጭን ጉትቻ፣ ከታች ደግሞ የሹራቡን አንገትጌ ጨምድደው የያዙ ሁለት ትንንሽ እጆች። የተሳለው በኩሽና ቁምሳጥን በር ላይ ነው፤ የመያዣው ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች እንኳ አልተደፈኑም። ሸዋሉል ቆማ ቀረች። ታዝላ የምታውቀው የእናቷ ማጅራት ጠረን ከየት እንደመጣ ሳታውቀው መጣባት፤ እናቷ ካረፈች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው።

አንደኛ ፎቅ ደርሳ በሩን ስታንኳኳ ያ ሁሉ የደረደረችው ነገር ከአፏ ጠፍቶ ነበር። ኮቢና ከፈተላት። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ቀለም የጠገቡ ሰው ነው። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ማን እንደሆነች ጠየቀችው። የሦስተኛ ፎቁ ቺሊያዊ እናት ናት አላት። ሰውየው እናቱን ያጣው በልጅነቱ ስለሆነ ከእሷ የሚያስታውሰው ታዝሎ ያየውን ማጅራቷን ብቻ ነው፤ ኮቢናም ማጅራቷን ሳለለት። ያላየውን ፊቷን ከየት አመጣለታለሁ ብሎ ሳቀ። ነጠላውን ሲያይ ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሁለት ቀን በዘይትና በሳሙና ታገለው፤ ቀለሙ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ካሳ ይሆናት እንደሆነ የምትፈልገውን ሰው እንደሚስልላት ነገራት። ሸዋሉልም የምትፈልገው ሰው ነበራት።

ባሏ ዕንባቆም ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። ሁስቢ ሰፈር በአንድ ትምህርት ቤት ኩሽና ሃያ ሁለት ዓመት ለልጆች ምሳ ሲያቀርብ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ልቡ ቆመች። ስለ ዕንባቆም የስቶክሆልም አበሻ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኩራተኛ ነበር። መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት ፊት ነስቶ ያልፋል፤ ለቅሶ ቤት ሲመጣ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቀመጥና ወደ አንድ ወገን ብቻ ያወራል። በቀብሩ ዕለት እንኳ ሸዋሉል ሁለት ሴቶች፣ አፈሩን ያቅልልለትና ሰው ንቆ ኖሮ ሞተ፣ ሲባባሉ በጆሮዋ ሰምታለች።

ከሁሉ የባሰባት የጋሽ እሸቱ ነው። ጋሽ እሸቱ የዕንባቆም የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤታቸው አይጠፉም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በዕድሩ ምርጫ ነገር ሁለቱ ቃል ተለዋወጡ፤ ከባድ ነገር አልነበረም፤ በሳምንቱ የሚረሳ ነበር። ግን ጋሽ እሸቱ ከዚያ ወዲያ ደጃፋቸውን አልረገጡም። ዕንባቆም ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከባቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። ለዚህች ለትንሽ ነገር ይህን ያህል መጨከናቸውን ዕንባቆም እንዳልገባው ሞተ።

ሸዋሉል የሰዎቹ ሁሉ ሐሜት ከየት እንደሚነሳ ታውቃለች። ታውቃለች፣ ግን ለማንም ላትናገር ለባሏ ቃል ገብታለች። ስለዚህ አንድ ዘዴ መጣላት። ለሙት ዓመቱ በሚከራዩት አዳራሽ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ሥዕል ይሰቀላል፤ ዕንባቆም ከሥዕሉ ላይ ሆኖ የገባውን ሰው ሁሉ በሁለት ዓይኖቹ፣ በፈገግታ፣ ቀና ብሎ ያያል። በሕይወቱ የነሳቸው ያሉትን ፊት ሞቶ ይሰጣቸዋል። በቃ፤ ሌላ ነገር አልፈለገችም።

ኮቢና የአፓም ሰው ነው፤ አፓም በጋና ባሕር ዳርቻ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት አልተቀመጠም፤ ሥዕል ያስተማረው ሰው የለም። ወጣት ሆኖ መረብ ይጎትት ነበር። የጀልባዎቹን ጎን በቀለም የሚያስጌጡት ሽማግሌ ሲሞቱ የጀልባ ባለቤቶች ሰው አጡ፤ ኮቢናም ድፍረቱን ብቻ ይዞ፣ እኔ እሞክረዋለሁ አላቸው። ማንበብ አይችልም። የመጀመሪያው ደንበኛ የጀልባውን ስም አሸዋ ላይ በእንጨት ጻፈለት፤ ኮቢና ደግሞ ከወዲያ ማዶ ቆሞ እያየ ያንኑ በትጋት ገለበጠ። ሲጨርስ ስሙ ተዘቅዝቋል። የአፓም ሰው መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀበት። ባለ ጀልባው ግን በዚያ ወር መረቡ በዓሣ እየተወጠረ አስቸገረውና፣ ስሙን የሚያቃና ሰው እጁን እቆርጣለሁ አለ። ኮቢና ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ተማረ፤ አንድን ነገር ከመሳል በፊት ያየው ሰው የት ቆሞ እንዳየው መጠየቅ።

ከአፓም የወጣው የመርከብ ቀለም ቀቢ ሆኖ ነው። ስድስት ዓመት በባሕር ላይ ዝገት ሲፍቅና ቀለም ሲቀባ ቆይቶ አንድ ክረምት ዮተቦሪ በሚባለው የስዊድን ወደብ ላይ ወረደ፤ አልተመለሰም። አሁን ከንጋቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ቱነልባና የሚሉትን የስቶክሆልም ምድር ውስጥ ባቡሮች ያጸዳል፤ ከሰዓት በኋላ ይስላል። ሸራና የዘይት ቀለም ገዝቶ አያውቅም። ሕንፃቸው ሲታደስ ከየቤቱ የተነቀሉት የኩሽና ቁምሳጥን በሮች ግቢው ውስጥ ተራራ ሲያክሉ፣ ኮቢና አንድ በአንድ እየተሸከመ ወደ ምድር ቤቱ ዕቃ ማከማቻው አወረዳቸው። ቀለሙን ደግሞ ሰው ግድግዳ ቀብቶ ከጣለው ቆርቆሮ ያገኛል። ለዚህ ነው የቴንስታ ግድግዳዎች ቢጫና አረንጓዴ ሁሉ እሱ የሳላቸው ሰዎች ፊት ላይ የሚታየው። አንድ ጊዜ ከመሀል ከተማ የሥዕል ማሳያ ያላት ሴት መጥታ አሥራ አራት በሮች ወስዳ ሰቀለችለት። በመክፈቻው ዕለት የት እንደተማረ ሲጠይቁት፣ አፓም፣ ተዘቅዝቄ፣ ብሎ ግራ አጋባቸው። በማግሥቱ ንጋት አሥር ሰዓት ላይ ባቡሮቹን ሲያጸዳ ነበር።

አሠራሩ የራሱ ነው። ፎቶ አይቀበልም። ሸዋሉል የዕንባቆምን ፎቶዎች በፌስታል ይዛ ስትመጣ ከፌስታሉ ሳያወጣ መለሰላት። እሱ የሚፈልገው ወሬ ነው። የሚያስሉት ሰዎች ምድር ቤት ይወርዳሉ፣ ወንበር ይሰጣቸዋል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ በሩን እየፋቀና እያለሰለሰ ያዳምጣል። አልፎ አልፎ ጥያቄ ይጥላል። ባቡር ሲጠብቅ እጁ ምን ይሠራ ነበር? ሲተኛ በየት ጎኑ ነው? ሳይሰለች የሚደጋግመው ግን አንዱን ነው፤ አንቺ ያኔ የት ነበርሽ? የሁለቱም ስዊድንኛ የተሰባበረ ነው፤ ግን ስብርባሪው እየተገጣጠመ እንደምንም ይግባባሉ።

ሸዋሉል ወሬ አያልቅባትም። አራት ከሰዓት ተቀምጣ አወራችው። ችግሩ፣ ያወራችው ለቅሶ ቤት እንደሚወራው ነው። የኛ ሰው ሲሞት አንድ እንከን አይገኝበትም፤ ዕንባቆምም በሸዋሉል አፍ ቁመተ መለሎ፣ ደግ፣ ታጋሽ፣ ገራም፣ ሰው አክባሪ ሆነ። ኮቢና፣ አንቺ የት ነበርሽ፣ ባላት ቁጥር፣ እዚያው ነበርኩ፣ ብላ ታልፈዋለች። በመጨረሻም ትእዛዟን ሰጠች፤ ፊት ለፊት ይሁን፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታዩ፣ መነጽር አያድርግ፣ ፈገግ ይበል። ከየት ሆና እንዲህ እንዳየችው ጠየቃት። ከየትም አለችው፤ ዝም ብሎ እንዲስለው። ኮቢና ቀና ብሎ አያትና ዝም ብሎ ሳለው።

በሁለተኛው ሳምንት ሥዕሉ አራተኛ ፎቅ ወጣ። የሚያምር ነው፤ አይካድም። ግራጫ ሱፍ የለበሰ ደልዳላ ሰው፣ ዓይኖቹ ቦግ ያሉ፣ ከንፈሩ ፈገግታ የጀመረ። ሸዋሉል ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ደስ ሊላት ሞከረች። ማታ ልጇ ፌበን ከሥራ መጣች። ፌበን እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ እየሰማች በስዊድንኛ የምትመልስ፣ አባቷን እንደ ነፍሷ የምትወድ ልጅ ናት። ኮቷን ሳታወልቅ ሥዕሉን ጥቂት አየችው።

«ቬም ኤ ደ?» አለች። ማነው ይሄ ማለቷ ነው።

ሸዋሉል ያን ቀን ያለቀሰችውን ያህል በቀብሩም አላለቀሰችም።

በማግሥቱ ሥዕሉን ይዛ ምድር ቤት ወረደች። የተናደደችው በማን እንደሆነ ራሷም አታውቅም፤ ቢሆንም ቅርቧ የነበረው ኮቢና ስለሆነ በእሱ ላይ አወረደችው። ሌላ ሰው ነው የሳልከው፣ ልጁ እንኳ አላወቀችውም አለችው። ኮቢና ሥዕሉን ተቀብሏት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ያልገረመው መሆኑ የባሰ አናደዳት።

«ስትነግሪኝ እፈልግሽ ነበር» አላት። «አራት ቀን ሙሉ ፈለግኩሽ። እሱ አለ፤ አንቺ የለሽም። አንቺ የሌለሽበትን ሰው እኔ ከየት ሆኜ ልየው?»

ሸዋሉል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ኮቢናም ጀርባውን ሰጥቷት ሌላ በር መፋቅ ጀመረ። ምናልባት ፊቱን ስላላየችው ይሆናል ወሬው የወጣላት።

በግራው በኩል ነበርኩ አለችው። ሠላሳ አራት ዓመት በግራው በኩል። ዕንባቆም ሃያ ሦስት ዓመቱ ሳለ፣ በደርግ ጊዜ፣ እስር ቤት ውስጥ በጠመንጃ ሰደፍ መቱት፤ ግራ ዓይኑ ከዚያ ወዲያ አላየችም። ስዊድን ሲገቡ ያቺ ዓይኑ ደፍርሳ ነጥታ ነበር፤ ጠቆር ባለ መነጽር ሸፈናት። ያኔ ከአገር የተሰደደው ሁሉ ሲገናኝ የሚያወራው ማን በየትኛው እስር ቤት ምን ያህል እንደተገረፈ ነበር፤ ዕንባቆም ይህን ወሬ ይጠላል። ሰው ሲያዝንለት ሥጋው ይሸማቀቃል። ምስኪን ከሚሉኝ ኩሩ ቢሉኝ ይሻለኛል አለ፤ እሷንም አስማላት። እሷ ማለች። እንግዲህ መንገድ ሲሄዱ በግራው ትሆናለች፤ ባቡር ውስጥ በግራው ትቀመጣለች፤ ሰርግ ቤት ግድግዳ ከሌለ እሷ ግድግዳ ትሆናለች። እጇ ከክንዱ ሥር አይለይም። አንዴ ጫን ስታደርገው ሰው ሰላም እያለህ ነው ማለቷ ነው፤ ሁለቴ ከሆነ ደረጃ አለ። አብራው ስትሆን ዕንባቆም ሰው ሳይሳለም አልፎ አያውቅም። እሷ ግን ሻርሆልመን ሰፈር የአረጋውያን ቤት በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ብዙ ቀን ብቻውን ይሄዳል። ኩራተኛ የተባለው በእነዚያ ቀኖች ነው።

ከግራው ያየችውን ሁሉ፣ ከመንጋጋው እስከ ጆሮው ጀርባ፣ አንድ በአንድ ነገረችው። ይህን ሁሉ ስትናገር ኮቢና አንዴም አላቋረጣትም፤ የት ነበርሽ ብሎም አልጠየቃት። ስትጨርስ ሦስት ሳምንት ጠየቃት፤ እስከዚያ እንዳትወርድም አደራ አላት። ሸዋሉል ወደ ቤቷ ወጣች። ቃሏን አፍርሳለች። ዕንባቆም ቢሰማ ይቀየመኝ ነበር ብላ አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ፣ ይቀየመኝ፣ አለች።

ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ ኮቢና ራሱ መጥቶ ጠራት። ምድር ቤት መብራቱን ሲያበራ ሁለት የቁምሳጥን በሮች ጎን ለጎን ተጋጥመው ቆመዋል። ዕንባቆም ባቡር ውስጥ ተቀምጧል። በጎኑ፣ በግራው በኩል። መነጽሩን ለመወልወል ያወለቀ ይመስላል፤ ጉልበቱ ላይ ነው። ፀጉር ቆራጩ ሁልጊዜ ከጆሮው ጀርባ የሚረሳት ነጭ ጸጉር አለች። የጉንጩ ሽብሽብ፣ ሊናገር ሲል የሚያደርጋት የመንጋጋው እንቅስቃሴ፣ ሁሉም አለ። ዓይኑ አለ፤ ያ የደፈረሰው፣ እንደ ክረምት መስኮት ጭጋግ የለበሰው ዓይኑ። ከሥር ደግሞ፣ ከሥዕሉ ጠርዝ የገባች የሴት እጅ ክንዱን ይዛለች። የእሷው እጅ ናት፤ የጣቶቿ አጥንት መጣመም ሳይቀር።

ሸዋሉል ይህን ፊት ከእሷና ከፌበን በቀር ያየ ሰው እንደሌለ ታውቃለች። ኮቢና አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ አልቆመም፤ ደረጃ ላይ ሲተላለፉም የሚያየው በመነጽር የተሸፈነውን ፊቱን ነው። የቀረውን ሁሉ ከእሷ አፍ አውጥቶ በግድግዳ ቀለም እንጨት ላይ አስቀመጠው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያለ ትምህርት ይችላል ወይ ብላ ተደነቀች፤ ምናልባት ቢማርማ አይችለውም ነበር። እጁን ይዛ ሳመችው። ኮቢና አፍሮ እጁ ቀለም እንዳለበት ነገራት።

ደስታዋ እስከ ማታ አልቆየም። አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል ነው አንድ ነገር ትዝ ያላት። በአገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁሉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣን፣ ይሁዳና ጌታን የገረፉት ናቸው። ይህን ትልልቁ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዲያውም የመጀመሪያውን ሥዕል ሁለት ዓይን ይሁንለት ያለችው ይሄው በደሟ ስላለ ነው። አሁን ኩራተኛ የተባለውን ባሏን፣ በሙት ዓመቱ፣ በቄስ ፊት፣ እንደ ይሁዳ ልትሰቅለው ነው። ስሙን አነጻለሁ ብላ ልትቀብረው።

ጠዋት ለኮቢና ነገረችው። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ቀጥሎ ፊቷን ሲያይ ተወ። አፓም ጀልባ ሲያስጌጥ በሁለቱም ጎን ዓይን ይስል እንደነበር ነገራት፤ ዳርቻው ላይ የቆመ ሰው አንዱን ብቻ ነው የሚያየው፤ ሁለተኛው ወደ ባሕሩ ነው። ጀልባው አንድ ዓይና ነው የሚል ሰው ግን አላጋጠመውም። ሸዋሉል የኛ ሰው ጀልባ አይደለም አለችው። ኮቢና አልተከራከራትም። የመጀመሪያው ሥዕል እዚያው ግድግዳ ዞሮ እንደቆመ፣ የምትፈልገውን ይዛ መሄድ እንደምትችል ነገራት። አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ ሁለተኛውን ላትሰቅለው ከሆነ ሌላ ቀለም እንዳትቀባበት።

ሸዋሉል እስከ ሙት ዓመቱ ዋዜማ አልወሰነችም። ዋዜማው ላይ ፌበን ሥዕሎቹን ለመጫን ምድር ቤት ወረደች። ሁለተኛውን ስታይ ጠጋ አለችና ያችን ከጆሮው ጀርባ ያለችውን ነጭ ጸጉር በጣቷ ነካቻት። ከዚያም ሳትጠየቅ ያንኑ ተሸክማ ወጣች። ሸዋሉልም ተከተለቻት።

የተከራዩት አዳራሽ ሁስቢ ነበር። ሰው ሞልቷል። ጋሽ እሸቱም መጥተዋል፤ ለሟች ሙት ዓመት አለመምጣት ነውር ነውና፣ በሩ አጠገብ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀምጠዋል። ኮቢና እጅጌው ያጠረበት ጃኬት ለብሶ ከኋላ ነው። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው ወደ ማዕድ ሊሄድ ሲል ፌበን ከሥዕሉ ላይ ጨርቁን አነሳችው።

በአዳራሹ ማጉረምረም ተነሳ። ሸዋሉል እንደፈራችው ነው። የዕድሩ ተጂቱ፣ በሆዷ ነገር የማታሳድር ሴት ናትና፣ ምነው በአንድ ዓይን፣ ምነው እንደ ይሁዳ፣ ምን አደረጋችሁ አለች ከፍ ባለ ድምፅ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ቄሱም ሸዋሉልን አዩዋት።

ሸዋሉል ተነስታ ሥዕሉ አጠገብ ቆመች። የሥዕሉን ጠርዝ ያዘች።

«ይህቺ ዓይኑ አታይም ነበር» አለች። «ከእስር ቤት ነው የወጣው ይዟት። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር፤ ዛሬ ማላዬን አፈረስኩ፤ አባቶች ይፍቱኝ። ኩራተኛ አልነበረም። በዚህ በኩል የመጣ ሰው አይታየውም ነበር። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ በኩል ነበርኩ፤ ከዚህ ያየሁትን ነው የሳለልኝ።»

ተጂቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከበሩ አጠገብ የከዘራ ድምፅ ተሰማ፤ ጋሽ እሸቱ ተነስተው በወንበሮቹ መሐል እየመጡ ነበር። ፊታቸው ከሰል መስሏል። ኮቢና ከኋላ ብድግ አለ፤ ሥዕሉን ሊያወርዱት መስሎት።

ጋሽ እሸቱ ሥዕሉ ፊት ቆመው ቆዩ።

«ግራው ነው?» አሉ።

«ግራው ነው፣ ጋሽ እሸቱ።»

«እኔ ይቅርታ ጠይቄው ነበር» አሉ። ድምፃቸው ለእሷ ብቻ ነበር፤ ግን በዚያ ጸጥታ ሁሉም ሰማው። «ቃል በተለዋወጥን በሁለተኛው ወር። ቴንስታ ባቡር ጣቢያ ቆሞ አገኘሁት። ባቡሩ እየገባ ነው፣ ጫጫታ ነው። እጄን ዘርግቼ ይቅር በለኝ ወንድሜ አልኩት። ዞር ብሎ ሳያየኝ ገባ። በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢልክብኝ፣ በአፌ የለመንኩትን ረግጦ አሁን ምን ሊል ነው ብዬ መለስኳቸው።» ከዘራቸውን አነሱና የተሳለው ትከሻ አጠገብ፣ አየር ላይ፣ አንድ ቦታ አመለከቱ። «እዚህ ጋ ነበርኩ።»

ሸዋሉል ያን ቀን ሻርሆልመን ሥራ ላይ ሳትሆን እንዳልቀረች አሰበች። ብትኖር ክንዱን አንዴ ጫን ታደርገው ነበር፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት። ለዕንባቆም አዘነችለት፤ ተናደደችበትም። እሷም አብራው ዝም ማለቷ አንገበገባት።

«በየእሑዱ ይጠይቀኝ ነበር» አለቻቸው። «እሸቱን ቅዳሴ ላይ አየሽው ወይ ይለኝ ነበር፣ እስኪሞት ድረስ።»

ጋሽ እሸቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዘራቸውን ለፌበን ሰጧት፤ በሁለት እጃቸው የቁምሳጥኑን በሮች ጠርዝ ይዘው ጎንበስ አሉ። ሥዕሉ አንድ ጉንጭ ብቻ ነው ያለው፤ እሱኑ ሦስቴ ሳሙት።